ቅጠሉን ሳይገልጡ መድኃኒት አይግዙ

ዘንድሮ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች መጨረሻቸው አንድ ነው። «ምን ልርጭበት?» ይላሉ። እኔ ደግሞ መልሼ «ማነው የሚበላው?» እላለሁ። ይህን ሳላውቅ የመድኃኒት ስም መጥራት አልችልም።

ጡረታ እስክወጣ 27 ዓመት በሰብል ጥበቃ ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከማንኛውም ኬሚካል በላይ የጠቀሙኝ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ጥፍሬ፣ ምላጭና የእጅ ባትሪ። ጥፍር የተጠቀለለ ቅጠል ይገልጣል። ምላጭ አገዳ ይሰነጥቃል። ባትሪ ሌሊት የሚበላውን ያሳያል። ከዚህ በታች ያሉትን ደብዳቤዎች ሲያነቡ ለምን እንደሆነ ይገባዎታል።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። የበልግ ገብሴን የዘራሁት በጥር መጨረሻ ነው። ቡቃያው ያማረ ነበር። መጋቢት ላይ ዝናቡ ጠፋ። ከዚያ ቅጠሉ እንደ ቄጠማ ተጠቀለለ፣ ቁመቱን ተከትሎም ነጭ መስመር አወጣ። ከገበያ መድኃኒት ገዝቼ ሁለት ጊዜ ረጨሁ። ምንም ለውጥ የለም። አሁን ዛላው ሲወጣ ፂሙ ቅጠሉ ውስጥ እየተያዘ እንደ መንጠቆ ይጎብጣል። ጎረቤቴ ዋግ ነው ይላል። እኔ ውርጭ ይመስለኛል። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛላው እንደ መንጠቆ መጉበጡን ባይጽፉልኝ ኖሮ እጠራጠር ነበር። አሁን አልጠራጠርም። ዋግም አይደለም፣ ውርጭም አይደለም። ክሽክሽ ነው፤ የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት።

ማሳው ውስጥ ይግቡና በርከክ ይበሉ። አንድ የተጠቀለለ ቅጠል ይቁረጡ። በጥፍርዎ ቀስ አድርገው ይግለጡት። ውስጡ ተደርድረው ያገኟቸዋል። ፈዛዛ አረንጓዴ ናቸው። ትልቁ ቢበዛ የጤፍ ፍሬ ሁለት እጥፍ ቢሆን ነው። ሰውነታቸው ሞላላ ነው፤ ላዩ ላይ ስስ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በመሐላቸው ነጫጭ ገለባ የመሰለ ነገር ካዩ ሲያድጉ የጣሉት ቆዳ ነው። አጉሊ መነጽር ያለው የልማት ሠራተኛ ካገኙ ደግሞ የኋላ ጫፋቸውን ያሳዩት። ጅራታቸው ሁለት ሆኖ ይታያል። ሌሎቹ ክሽክሾች እንዲህ አይደሉም።

ይህ ነፍሳት በትምህርቱ የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ ይባላል። ስሙ የስንዴ ይሁን እንጂ እኛ አገር ክፉኛ የሚያጠቃው ገብስን ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው በ1965 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ ደጋ ነው። ከዚያ በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋም የገብስ ገበሬውን ራስ ምታት ሆነ።

ቅጠሉን የሚጠቀልለው ምራቁ ነው። ሲመጥ ተክሉን የሚመርዝ ነገር ያስገባል። ነጩ መስመር ከዚያ ይመጣል። ብርድ ሲበረታ ያው መስመር ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ውርጭ የመሰለዎትም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ዛላውን ያቀፈው የላይኛው ቅጠል ሲጠቀለል ደግሞ ዛላው መውጫ ያጣል። ፂሙ ተይዞ ይቀርና አንገቱ ይጎብጣል። እንዲህ የሆነው ዛላ ደህና ፍሬ አይቋጥርም።

ለምን በመጋቢት ባሰ? ዝናቡ ስለጠፋ ነው። ከባድ ዝናብ ክሽክሽን ጠራርጎ ያወርደዋል። ድርቅ ግን ይመቸዋል። ሴቷ ወንድ አትጠብቅም። እንቁላልም አትጥልም፤ በቁማቸው የሚሄዱ ሴት ልጆችን ትወልዳለች። እነሱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወላዶች ይሆናሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ዝናብ ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚሆኑ ያስቡት። የክረምቱ ገብስ ብዙም ሳይነካ የበልጉ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው።

የረጩት መድኃኒት ለምን እንዳልሠራ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛ፣ የተጠቀለለው ቅጠል ቤታቸው ነው። ሲነካው ብቻ የሚገድል መድኃኒት ከላይ ቢፈስ ወደ ውስጥ አይገባም። ተክሉ ውስጥ ሰርጎ በጭማቂው የሚሄድ ዓይነት ያስፈልግ ነበር። ዳይሜቶኤት አንዱ ነው። ሁለተኛው ሥጋቴ የባሰ ነው። ጠርሙሱ ላይ ምን ተጽፎ ነበር? አርሶ አደር «የትል መድኃኒት» ተብሎ የገዛውን ሲያሳየኝ ቱ ፎር ዲ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ቱ ፎር ዲ የአረም መድኃኒት ነው። ክሽክሽ አይገድልም። ነፋስ ወስዶ ጎረቤት ባቄላ ላይ ቢያሳርፈው ግን ባቄላውን ያጠፋዋል። እባክዎን፣ ምልክቱ የተላጠ ወይም ወደ ሌላ ዕቃ የተገለበጠ መድኃኒት አይግዙ። ፊደል ለሚያውቅ ልጅ ያስነብቡት።

አሁን የሚያደርጉት ነገር ይኸው ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ አይርጩ። ዛላው ከወጣ በኋላ የሚወጣው ብር ወደ ጎተራ አይመለስም። የተረፈውን ይሰብስቡ። በጣም የተጎዳውን ቦታ ለከብት ማጨድ ይችላሉ። ግን ረጭተውበታልና ምልክቱ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳይሞላ ለከብት እንዳይሰጡት።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከአጨዳ በኋላ ነው። በዓመቱ ውስጥ ገብስ በማሳው ላይ በማይኖርበት ጊዜ ክሽክሹ የት ይደበቃል? ወፍ ዘራሹ ላይ ነው። በአውድማው ዙሪያ፣ በድንበሩ፣ በአጥሩ ሥር ሳይዘራ የበቀለውን ገብስ ማንም አይነካውም። ለክሽክሹ ግን ድልድዩ እሱ ነው። ከመዝራትዎ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ይንቀሉት ወይም ይገልብጡት። ጎረቤቶችዎም እንዲያደርጉት ይለምኗቸው። አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ዝናቡ ሲጥል ሳይዘገዩ ይዝሩ። ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ገና ለጋ ሳለ ድርቁና ክሽክሹ አብረው ይደርሱበታል። ከበቀለ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ማሳውን እየተጠማዘዙ ያቋርጡት። አምስት ቦታ ይቁሙ። በያንዳንዱ ቦታ 20 እግር ገብስ ይመልከቱ። ጠቅላላው 100 ይሆናል። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ ከ100ው 10 እስከ 20 ላይ ክሽክሽ ካገኘሁና ገብሱ ገና ካልዘረዘረ፣ ያኔ ስለ መርጨት እንነጋገር ነበር። ከዚያ በታች ከሆነ በሳምንቱ ተመልሼ አያለሁ። ቀይ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ክብ ጥንዚዛዎች በብዛት ካሉ ደግሞ እንታገሣለን። እነሱ ክሽክሽ በሊታ ናቸው። ግልገላቸው ጠቆር ያለ፣ ረዘም ያለ፣ አዞ የመሰለ ነው። አርሶ አደሩ ተባይ መስሎት ሲጨፈልቀው አንጀቴ ይቃጠላል።

ጎረቤትዎ «ዋግ ነው» ስላሉት ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ። መስከረም 2003 ዓ.ም. ነበር። ያን ዓመት ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገለማ የሚባሉትን የስንዴ ዝርያዎች በየቦታው የመታበት ዓመት ነው። እኔ በመኪና ሆኜ አንድ ቢጫ የሆነ ማሳ አየሁ። በዚያ ሰሞን ክሽክሽ ላይ ስሠራ ስለነበር ሳልወርድ «ክሽክሽ ነው» አልኩ። ባለማሳው አምነውኝ ከተማ ወርደው ፀረ ነፍሳት ገዙ፣ ረጩ። በሳምንቱ ስመለስ ባለቤታቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ቅጠሉን አሹት። ነጠላው ላይ ብርቱካንማ ቢጫ ዱቄት ቀረ። ምንም አልተናገሩኝም። ነጠላውን ብቻ አሳዩኝ። ዋግ ፈንገስ ነው፤ የነፍሳት መድኃኒት አይነካውም። የዚያ ቤተሰብ ብርና አንድ ሳምንት በእኔ ችኮላ ጠፋ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከመኪና ሳልወርድ ስለ ማሳ ተናግሬ አላውቅም። እርስዎም በነጭ ጨርቅ ወይም በጣትዎ ያሹት። ዱቄት ከቀረበት ዋግ ነው። ካልቀረበት ቅጠሉን ይግለጡ።

ጥያቄ፦ «ከባሌ ነው የምጽፈው። ገብሳችን በበቀለ በሦስት ሳምንቱ መሐለኛው ቅጠል ብቻ ይደርቃል። የዳሩ ቅጠል አረንጓዴ ነው። የደረቀውን ስስበው ሳያስቸግረኝ ውልቅ ይላል። ባለቤቴ ቆራጭ ትል ነው ብሎ ሊረጭ ነው። ልክ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽን ትንሽ አስታግሺልኝ። ቆራጭ ትል ቢሆን ቡቃያው ከመሬት ላይ ተቆርጦ ወድቆ ታገኚው ነበር። አንቺ የገለጽሽው የገብስ ዝንብ ሥራ ይመስላል።

ምላጭ ያዢ። መሐሉ የደረቀ አንድ እግር ከነሥሩ ንቀይ። ከሥሩ በላይ ያለውን ነጩን ክፍል በቁመቱ ሰንጥቂው። እግር የሌለው፣ ነጣ ያለ ትንሽ ትል ታገኛለሽ። እናቱ ከቤት ዝንብ የምታንስ ዝንብ ናት። ትሉ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚያድገውን ልብ ይበላዋል። መሐለኛው ቅጠል ሥሩ ስለተበላ ነው ሲስቡት የሚወልቀው።

ትሉ አገዳው ውስጥ ነው። ከላይ የሚረጨው አያገኘውም። ምልክቱ ከታየ በኋላ መርጨት ብር መበተን ነው። ገብሱ ርጥበትና ማዳበሪያ ካገኘ ከጎኑ አዲስ ቀንበጥ ያወጣልና የተወሰነውን ይተካል። አሁን አርሙት፣ አግዙት። ለሚመጣው ዘር ግን መላው የሚያዘው ከመዝራት በፊት ነው፤ ዘሩ በመድኃኒት ይታሻል። የታሸ ዘር አይበላም፣ አይፈጭም። የተረፈውን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጪው። በባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚዘራ ዝንቡ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው መሸጋገሪያ አያጣም። ሲናና ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርባችሁ ነውና ለአካባቢያችሁ የሚሻለውን ዝርያና የዘር ጊዜ እዚያ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ «በበቾ ሜዳ ጤፍ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉ ተበልቶ አገኘዋለሁ። ቀን ስፈልግ ውዬ አንድም ትል አላይም። አይጥ ይሆን?»

መልስ፦ አይጥ አይመስለኝም። የእርስዎ መሬት ጥቁር ኮትቻ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውስጥ ቀይ ትል ውሎ ሌሊት ይወጣል። ዛሬ ማታ ባትሪ ይዘው ይሂዱ። ከመሸ ሁለት ሦስት ሰዓት ላይ ጤፉ ላይ ተንጠልጥሎ ያገኙታል። ቀን ማየት ከፈለጉ ስንጥቁን በዶማ ገለጥ ያድርጉት።

ጤፉን ከአረም ያጥሩ። ከአጨዳ በኋላ ቶሎ ማረስ ሙጬውን፣ ማለትም ትሉ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት አፈር ውስጥ የሚተኛበትን መልኩን፣ ወደ ላይ ያወጣዋል። ቀሪውን ፀሐይና ወፍ ይጨርሱታል። በሬ ተከትለው የሚሄዱት ወፎች ለዚሁ ነው የሚመጡት፤ አያባርሯቸው። ትሉ በዝቶ መርጨት ግድ ከሆነ ደግሞ ጊዜው ወደ ማታ ነው። በቀትር ቢረጩ ትሉ ከመሬት በታች ተኝቷል፤ የሚሞተው ንብ ነው። የጎረቤት ቀፎ ካለ አስቀድመው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ በተከራየሁት አንድ ክፍል ቤት እኖራለሁ። እናቴ ከጎጃም ስንዴ ላከችልኝ። ነቀዘብኝ። አንድ ሰው ገበያ ላይ የሚሸጥ የነቀዝ ክኒን ጆንያው ውስጥ ክተች አለኝ። ገዝቻለሁ። ስንት ልክተት?»

መልስ፦ ልጄ፣ አንድም እንዳትከቺ። ደብዳቤሽን ሳነብ ደነገጥኩ። መልሴ መጽሔቱ ላይ እስኪወጣ መጠበቅ ስላልቻልኩ ለዝግጅት ክፍሉ ነግሬ ስልክ አስደወልኩልሽ። እዚህ የምደግመው ሌሎችም እንዲያነቡት ነው።

ያ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ከአየሩ ርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው። ሰውንም ይገድላል። በጆንያ ቀዳዳ፣ በግድግዳ ስንጥቅ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ጎረቤት ክፍል ያልፋል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። አንዳንድ ጊዜ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አልሸተተም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ሰው በሚተኛበት ቤት፣ ከሚተኛበት ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራ መጋዘን መግባት የለበትም። ሠልጥኖ በታሸገ መጋዘን የሚሠራ ባለሙያ ብቻ ነው የሚነካው።

ከፍቶ ያስቀመጠ ሰው ካለ ውኃ እንዳያፈስበት። ውኃ ጋዙን ያፋጥነዋል። በር ከፍቶ ሁሉንም ሰው ይዞ ይውጣ። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የደረት መጨነቅ ወይም የመተንፈስ ችግር የተሰማው ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ። ክኒኑን ነክቶ እንደነበርም ለሐኪሙ ይናገር።

ስንዴውን በተመለከተ፣ ነቀዝ ፍሬውን ትቦረቡርና እንቁላሏን ውስጡ ጥላ ትደፍነዋለች። ልጇ እዚያው በልቶ ያድጋል። አንቺ የምታዪው ቀዳዳ ሲወጣ የቀደደው ነው። ስለዚህ በወንፊት ብታበጥሪው የሚወጡት ያደጉት ብቻ ናቸው፤ የተደፈኑት ይቀራሉ። ጤፍ የማይነቅዘው ፍሬው ለዚህች ልጅ ማሳደጊያ ስለሚያንስ ነው። የነቀዘውን አበጥሪና ቶሎ አስፈጪው። ዱቄቱን ቶሎ ተጠቀሚበት።

እናትሽ ሌላ ጊዜ ሲልኩልሽ ፒክስ በሚባለው ከረጢት ይላኩልሽ። ከውስጥ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ፣ ከውጭ የማዳበሪያ ጆንያ አለው። ሁለቱ ፕላስቲኮች ለየብቻ ጠበቅ ተደርገው ይታሰራሉ። ውስጡ ያለው ነቀዝ አየሩን ይጨርስና መብላት ያቆማል፣ ይሞታል። መድኃኒት አይገባበትም። ግን እህሉ በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። ርጥብ ከሆነ ይሻግታል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ስንዴና ደረቅ ጨው ጨምሪ። ክዳኑን ዘግተሽ ደህና አድርገሽ ናጪው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ስንዴው ገና ነው፤ ፀሐይ ላይ ይመለስ። ካልተለጠፈ ይታሰር። ከታሰረ በኋላ በየሳምንቱ እየከፈቱ ማየት አያስፈልግም። በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል። ከረጢቱን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። አይጥ ከበሳው ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ «ከኮንሶ ነው። የጎረቤታችን ግጦሽ በተምች ጠቁሯል። ወደ እኛ እየመጣ ነው። ማሽላና ቦሎቄ አለን። የቱን እናድን?»

መልስ፦ ማሽላውን። የአፍሪካ ተምች የሣር ዘመድ የሆነውን ነው የሚበላው፤ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ። ቦሎቄውን አልፎት ይሄዳል። ጥቁር ሆኖ በመንጋ የሚሄድ ከሆነ እሱ ነው። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች እንዲህ በመንጋ አይጓዝም። አዘውትሮ የሚገኘው በቆሎ እምብርት ውስጥ ነው፤ በጅራቱ አካባቢም አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት።

አሁኑኑ በግጦሹና በማሽላው መሐል ቦይ ቆፍሩ። ስንዝር ተኩል ያህል ይጥለቅ። በማሽላው በኩል ያለው ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆም፤ ተዳፋት ከሆነ ወጥቶ ያልፋል። ቦይ ውስጥ የወደቀውን ጨፍልቁት፣ አፈር አልብሱት። ለልማት ሠራተኛው ዛሬውኑ ተናገሩ፤ ተምች የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። ትንንሹ አረንጓዴ ሳለ ቢረጭ በትንሽ መድኃኒት ይሞታል። ወፍሮ ከጠቆረ በኋላ ግን የቀረው ጥቂት ቀን ነው፤ መሬት ገብቶ ሙጬ ይሆናል። አፈር ከገባ በኋላ የሚሸጥላችሁን መድኃኒት አትግዙ። ከብቶቹንም ተምች ከሞላበት ሣር ለጊዜው አርቋቸው።